«ምላሽ የለም» ለማለት ምን ያስፈልጋል? የአንጎል ግንድ የመስማት ምርመራን በኮምፒውተር ስለ ማስወሰን

ጥያቄው፦ «የሕፃናት መስማት በምንመረምርበት ክፍል የአንጎል ግንድ ምላሽ (ኤቢአር)፣ ማለትም ድምፅ ሲሰማ ከመስማት ነርቭና ከአንጎል ግንድ የሚነሣውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ፣ እንቀዳለን። ሞገዱን በዓይን አይቶ አለ ወይም የለም የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለን። ከማጉያው የሚወጣውን ጥሬ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ አገኛለሁ፤ ፓይተንም እጽፋለሁ። ፕሮግራሙ ራሱ እየወሰነ የመስማት ደፉን፣ ማለትም ምላሽ የሚገኝበትን ዝቅተኛውን የድምፅ መጠን፣ እንዲያገኝ እፈልጋለሁ። የ2000 ቀረጻ (ከእያንዳንዱ አጭር የድምፅ ምት፣ ከክሊክ፣ በኋላ የሚቆረጥ ቁራጭ) አማካይ ወስጄ ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ባለው ውስጥ ከፍተኛውን ጫፍ በመፈለግ ጀመርኩ። ችግሩ፣ ድምፅ ባልሰጥም ጫፍ ያገኛል። የነርቭ ኔትወርክ ላሠልጥን ወይስ ሌላ መንገድ አለ?»

ምላሽ፦

ጫፍ ፈልግ የተባለ ፕሮግራም ጫፍ ማግኘቱ አይቀርም፤ የሚዋዥቅ መስመር ሁሉ ከፍተኛ ነጥብ አለውና። ስለዚህ ከኔትወርኩ በፊት ጥያቄውን ይለውጡ። ፕሮግራሙ መመለስ ያለበት «ሞገዱ የት ነው?» የሚለውን ሳይሆን ሁለት ሌሎች ጥያቄዎችን ነው። ከድምፁ ጋር ተቆራኝቶ የሚመጣ ነገር ከኖይዙ፣ ማለትም ከድምፁ ጋር ግንኙነት ከሌለው የኤሌክትሪክ ውዥንብር፣ በላይ አለ ወይ? ኖይዙስ ፍርድ ለመስጠት እስኪያስችል ድረስ ወርዷል ወይ? ከእነዚህ ሦስት መልሶች ይወጣሉ፦ ምላሽ አለ፣ ምላሽ የለም፣ አልታወቀም። ሁለት መልስ ብቻ ያለው ፕሮግራም ሲቸግረው «የለም» ይላል። ሕፃኑ ስለተወራጨ ወይም ኤሌክትሮዱ ስለላላ ብቻ «ልጅዎ አይሰማም» የሚል ወረቀት ወላጅ እጅ ይገባል። ይህ ሊሆን አይገባም፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለመከላከል ነው።

መጠኖቹን እንያቸው። ተመራማሪዎቹ ጁወት እና ዊሊስተን እ.ኤ.አ. በ1971 ከገለጿቸው ተከታታይ የምላሹ ሞገዶች ውስጥ ለደፍ ፍለጋ ዋናው 5ኛው ነው። ድምፁ እየቀነሰ ሲሄድ ሌሎቹ ቀድመው ይጠፋሉ፣ እሱ እስከ መጨረሻው ይቆያል። ከደፉ አጠገብ ቁመቱ 0.1 ማይክሮቮልት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ያልተጣራው የአንጎል ኤሌክትሪክ ግን አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ማይክሮቮልት ይደርሳል። አማካይ ሲወሰድ ኖይዙ የሚቀንሰው በቀረጻው ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ነው። እንበልና የተኛ ሕፃን ከፊልተር በኋላ 2 ማይክሮቮልት ኖይዝ አለው። 2000 ቀረጻ ይህን ወደ 45 ናኖቮልት ያወርደዋል፤ 25 ናኖቮልት ለመድረስ ግን 6400 ቀረጻ ይፈልጋል። ኖይዙ 4 ማይክሮቮልት ከሆነ ደግሞ 25,600 ይጠይቃል። በሰከንድ 40 ክሊክ ብንሰጥ የመጀመሪያው 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ያውም ለአንድ ጆሮ፣ ለአንድ የድምፅ መጠን ብቻ። ስለዚህ «2000» የሚለው ቋሚ ቁጥር ከፕሮግራምዎ ይውጣ። ማቆሚያው የቀረው ኖይዝ ነው እንጂ የቀረጻው ብዛት አይደለም።

ከዚሁ ስሌት ሌላም ነገር ይታያል፦ ኖይዙን በግማሽ መቀነስ ጊዜውን በአራት እጅ ያሳጥራል። የትኛውም የኮድ ብልሃት ይህን ያህል አይሰጥም፤ የሚሰጡት ጥሩ የቆዳ ጽዳትና የሕፃኑ እንቅልፍ ናቸው። አንዱ ኤሌክትሮድ ግንባር ላይ ከፀጉሩ መነሻ አጠገብ፣ ሌላው ከሚመረመረው ጆሮ ጀርባ ካለው አጥንት ላይ፣ ሦስተኛው የጋራው በግንባሩ ጎን ይለጠፋል። የእያንዳንዱ ኢምፒዳንስ (ኤሌክትሮዱ ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት ያለው የኤሌክትሪክ እንቅፋት) ከ5 ኪሎኦም በታች፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ከ2 ኪሎኦም በታች ይሁን። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ይጠብቅና ሁለተኛውን ይረሳል። ጉዳቱ ግን ያለው እዚያው ነው፤ ልዩነቱ ሲሰፋ የመብራት መስመሩ 50 ወይም 60 ኸርዝ በሁለቱ ኤሌክትሮዶች እኩል ስለማይገባ ማጉያው አቀናንሶ ሊያጠፋው አይችልም። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊትና የድምፅ መጠን በለወጠ ቁጥር ኢምፒዳንሱን ይለካ፤ ከገደቡ ካለፈ አይጀምር።

የክሊኩ ፍጥነትም ከመብራቱ ጋር እንዳይገጥም ይጠንቀቁ። 50 ኸርዝ ባለበት በሰከንድ በትክክል 25 ክሊክ ቢሰጡ እያንዳንዱ ቀረጻ የሚጀምረው ከመብራቱ ሞገድ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ መብራቱም እንደ ምላሽ በአማካዩ ውስጥ ይከማቻል። 27.7 ወይም 39.1 ዓይነት ያልተስተካከለ ቁጥር ይምረጡ።

አሁን በዓይን ወደማይታየውና መሣሪያውን ራሳቸው በሚሠሩ ሰዎች ላይ በብዛት ወደሚደርሰው ስሕተት ልምጣ፤ እሱም ጊዜ አለካክ ነው። ድምፁን የሚልከው የድምፅ ካርድና ምልክቱን የሚቀዳው ማጉያ እየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ሁለቱ ሰዓቶች ከሚሊዮን 50 እጅ ብቻ ቢለያዩ በ160 ሰከንድ ውስጥ ልዩነቱ 8 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። 5ኛው ሞገድ በትልቅ ሰው በከፍተኛ ድምፅ የሚመጣው ከ5.5 እስከ 6 ሚሊሰከንድ ገደማ ላይ፣ በአራስ ሕፃን ደግሞ አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ መሆኑን ያስቡ፤ መጀመሪያ ላይ የተቀዳውና መጨረሻ ላይ የተቀዳው እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ከኮምፒውተሩ የሚነበብ የጊዜ ምልክትም አያድንም፤ በዘፈቀደ ወዲያና ወዲህ ይላልና። ይህ ውዝዋዜ በስታንዳርድ ዴቪየሽን ግማሽ ሚሊሰከንድ ብቻ ቢሆን ከምላሹ ውስጥ የ500 ኸርዙን ክፍል ከአንድ ሦስተኛ በታች ያደርሰዋል። ምላሹ ጠፍቷል ተብሎ የሚጻፈው ሕፃኑ ስለማይሰማ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ስለተንገዳገደ ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከድምፅ ካርዱ ሁለተኛ ቻናል ለእያንዳንዱ ክሊክ አንድ ካሬ ፐልስ ያውጡ፣ በማጉያው ትርፍ ቻናል ከአንጎሉ ምልክት ጎን ይቀዳ፤ ቀረጻውን የሚቆርጡት ከዚያ ፐልስ ተነሥተው ነው። ሽቦው በኦፕቶ ኢሶሌተር (ምልክቱን በብርሃን እያሻገረ ኤሌክትሪኩን የሚለይ ዕቃ) ማለፍ አለበት። የድምፅ ካርዱን መሬት ከታካሚው ጋር ከተያያዘ ማጉያ ጋር በቀጥታ ማገናኘት የደኅንነት መከላከያውን ያፈርሳል፤ ላፕቶፑ በባትሪ መሥራቱ ምክንያት አይሆንም። በጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ከሆነ የቱቦውን መዘግየት፣ 0.8 ወይም 0.9 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ከጊዜው ላይ ይቀንሱ። ከዚያ ሙሉውን መስመር ያለ ሰው ይፈትኑ፦ 100 ኪሎኦም እና 1 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ያያይዙ፣ 100 ሚሊቮልት ፐልስ ይስጡ፤ በ1 ኦሙ ላይ 1 ማይክሮቮልት ይገኛል። ያንን 1 ማይክሮቮልት በትክክለኛ ቁመቱና በትክክለኛ ጊዜው ካላገኙት ወደ ሕፃን አይሂዱ።

የድምፁ መጠንም እንዲሁ ይለካ። በዓለም አቀፉ መለኪያ አይኤስኦ 389-6 መሠረት በጆሮ ውስጥ ለሚገባ ማዳመጫ የክሊክ 0 ዴሲቤል የመስማት ደረጃ፣ በጆሮ አምሳያ ሲለካ፣ ከጫፍ ጋር የተስተካከለ 35.5 ዴሲቤል ነው። የኮምፒውተሩ የድምፅ ማንሻ ከተነካ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ፕሮግራሙ ይቆልፈው። ከፍተኛውንም ገደብ በኮድ ብቻ ሳይሆን በሃርድዌር ያስቀምጡ።

ቅጂውን በ20 ኪሎኸርዝ ወይም ከዚያ በላይ ይቅዱና ጥሬውን ሙሉ በሙሉ ያስቀምጡ። ሁለት ቻናል በ24 ቢት ለ10 ደቂቃ 72 ሜጋባይት ነው፤ በዚህ ዘመን ስስት የሚያስከትል አይደለም። አማካዩን ብቻ ያስቀመጠ ሰው በኋላ ምንም ማስተካከል አይችልም። ፊልተሩ ለሕፃናት ከ30 ኸርዝ እስከ 1500 ኸርዝ ይሁን። ብዙ መሣሪያ ታችውን 100 ላይ ያደርጋል፤ ንጹሕ ይመስላል፣ ግን የሕፃን 5ኛ ሞገድና በተለይ የ500 ኸርዝ ቶን (አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያተኮረ አጭር ድምፅ) ምላሽ ጉልበቱ ታች ስለሆነ አብሮ ይቆረጣል። የተወራጨ ቀረጻን ለመጣል ገደቡ ከ10 እስከ 25 ማይክሮቮልት ነው። ከመጣል የተሻለው ግን መመዘን ነው፦ ቀረጻውን 250፣ 250 እያደረጉ ይከፋፍሉ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል በቫሪያንሱ (የመዋዠቁ መጠን በስኩዌር) ግልባጭ ክብደት ይስጡ። ኖይዙ ሦስት እጥፍ የሆነ ክፍል ክብደቱ አንድ ዘጠነኛ ይሆናል። ጸጥ ያለው ደቂቃ በተወራጨው ደቂቃ አይበከልም።

ፍርዱን ለመስጠት የምመርጠው መነሻ ኤልበርሊንግ እና ዶን እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረቡት ኤፍኤስፒ ነው፤ በአማካዩ ውስጥ ያለውን መዋዠቅ ለኖይዙ የሚያካፍል ቁጥር ነው። ምላሽ ይመጣበታል የሚባል መስኮት፣ ለሕፃን ከ5 እስከ 15 ሚሊሰከንድ፣ ይውሰዱ። የአማካዩ መስመር በዚህ መስኮት ውስጥ ያለው ቫሪያንስ ከክፍልፋዩ በላይ ይቀመጣል። ታች ደግሞ በመስኮቱ ውስጥ አንድ ቋሚ ነጥብ ከቀረጻ ቀረጻ የሚያሳየው ቫሪያንስ፣ በቀረጻው ብዛት ተካፍሎ ይገባል። ምላሽ ከሌለ ላይኛውም ታችኛውም ኖይዝ ብቻ ስለሚለኩ ውጤቱ 1 አካባቢ ያንዣብባል። ምላሽ ካለ ቀረጻ በተጨመረ ቁጥር ይወጣል። ለላይኛው 5፣ ለታችኛው 250 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (በነጻ ሊለዋወጡ የሚችሉ እሴቶች ብዛት) ተወስዶ 3.1 ሲደርስ 99 ከመቶ እርግጠኝነት ይባላል። የታችኛው ቁጥር ስኩዌር ሩት ራሱ የቀረው ኖይዝ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ስሌት ይመልሳቸዋል። አንድ ነጥብ ብቻ መጠቀም ስለሚዋዥቅ የብዙ ነጥቦችን አማካይ መውሰድ ይሻላል።

ይህ 5 የሚለው ቁጥር ግን ከፊልተርዎ ጋር የተያያዘ ግምት ነው፤ ፊልተሩን ሲቀይሩ 3.1ም ትርጉሙ ይቀየራል። ከዚህ ለመውጣት ቡትስትራፕ ይጠቀሙ። ከዚያው ከጥሬው ቅጂ ትሪገሩን (የክሊኩን መነሻ የሚያሳየውን ፐልስ) በዘፈቀደ እያዛወሩ ያንኑ ያህል ቀረጻ ይቁረጡ፣ ኤፍኤስፒውን እንደገና ያስሉ፣ ይህንን 999 ጊዜ ይድገሙት። ትክክለኛው ትሪገር የሰጠው ቁጥር ከእነዚህ ከ10 በማይበልጡት ብቻ ከተበለጠ፣ በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ 1 ከመቶ ገደማ ነው። የዚያ ሕፃን፣ የዚያ ሰዓት፣ የዚያ ፊልተር ኖይዝ ራሱ መለኪያ ይሆናል። ዘመናዊ ኮምፒውተር በሰከንዶች ይጨርሰዋል።

ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ ቀጥሎ ነው። ቀረጻው እየሄደ ኤፍኤስፒውን በየ250ው እያዩ፣ ገደቡን ባለፈ ቅጽበት «አለ» ብሎ ማቆም በጣም ያጓጓል። ሃያ ጊዜ ካዩ ግን ሃያ ጊዜ ዕድል ሰጥተውታል። እይታዎቹ እርስ በርስ ነጻ ቢሆኑ 1 ከመቶ የነበረው ስሕተት 18 ከመቶ ይደርሳል፤ ተያያዥ ስለሆኑ ከዚያ ያንሳል፣ ግን ከ1 በብዙ ይበልጣል። ስሕተቱም መስማት የተሳነውን ሕፃን «ይሰማል» ብሎ ወደ ቤቱ የሚልክ ስሕተት ነው። ስንት ጊዜ እንደሚያዩ አስቀድመው ይወስኑ፤ ለምሳሌ አምስት ጊዜ፣ በየ1500 ቀረጻው፣ በእያንዳንዱ እይታ ገደቡ 0.01 ሳይሆን 0.002 ይሁን። ትንሽ ጊዜ ያስወስዳል፣ ግን ቁጥሩ እውነተኛ ይሆናል።

እውነተኛ መሆኑንም በቅጂ ያረጋግጡ። የማዳመጫውን ቱቦ በመቆንጠጫ ዘግተው፣ ድምፅ እየተላከ ግን ጆሮ ሳይደርስ፣ ሙሉ ምርመራ ያሂዱ። ግብዎ 1 ከመቶ ከሆነ በ1000 እንዲህ ያሉ ቅጂዎች ላይ 10 ያህል «ምላሽ አለ» ይጠበቃል፤ ከ4 እስከ 16 ቢሆን ችግር የለውም፣ 30 ከሆነ ግን የሆነ ቦታ ስሕተት አለ። መቶ ቅጂ ለዚህ አይበቃም። አዲስ ሕፃናት አያስፈልጉም፤ አንዱን ረጅም ቅጂ መቆራረጥ ይቻላል፣ የብዙ ሰዎች መሆኑ ግን የግድ ነው።

«ምላሽ የለም» ለማለት ደግሞ የራሱ ሕግ ይኑረው። የብሪታንያ ኦዲዮሎጂ ማኅበር መመሪያ ለሰው ዓይን ያወጣው መስፈርት ለኮዱም ጥሩ ነው፦ ግልጽ ምላሽ ማለት ቁመቱ ከኖይዙ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ ምላሽ የለም ማለት ደግሞ በአንድ መጠን ሁለት ጊዜ ተደግመው በተቀዱት አማካይ መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ ከ25 ናኖቮልት ሳይበልጥ ምንም ሳይታይ ሲቀር ነው። ከሁለቱ ውጭ ያለው ሁሉ አልታወቀም። ጊዜው አልቆ ኖይዙ 40 ናኖቮልት ላይ ከቆመ፣ ኤፍኤስፒው 1 ቢሆንም «የለም» ለማለት መብት የለዎትም።

ይህ ከተሠራ ደፍ መፈለግ የቀለለ ነው። በ2000 ወይም በ4000 ኸርዝ ቶን ይጀምሩ፤ ሕፃኑ ቢነቃ ለንግግር የሚጠቅመው መልስ በእጅ ይሁን። ከ40 ዴሲቤል አካባቢ ተነሥቶ፣ ምላሽ ካለ በ10 ይውረድ፣ ከሌለ በ20 ይውጣ። ደፉ ተገኘ የሚባለው አንድ መጠን ላይ «አለ»፣ ከእሱ 10 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ደግሞ በሕጉ መሠረት «የለም» ሲወጣ ነው። «አልታወቀም» ከወጣ ፕሮግራሙ መጠኑን ሳይቀይር ቀረጻ ይጨምር፤ እንደ «የለም» ቆጥሮ ድምፁን ከፍ ካደረገ ደፉ በሐሰት ይወጣል። አንድ ፍሪኩዌንሲ (ለምሳሌ 2000 ኸርዝ) ሲያልቅ ወደ ሌላኛው ጆሮ ይዙር፤ አንድ ጆሮ በሙሉ አልቆ ሌላው ሳይነካ ሕፃኑ እንዳይነቃ። የመዘግየት ጊዜውንም እንደ ምስክር ይጠቀሙበት፦ ድምፁ ሲቀንስ 5ኛው ሞገድ መዘግየት አለበት። በ30 ዴሲቤል ከ50ው ቀድሞ የመጣ «ምላሽ» ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያምር ለሰው ይቅረብ።

ስታቲስቲክሱ ከድምፁ ጋር የተቆራኘ ነገር መኖሩን እንጂ ከየት እንደመጣ አይነግርዎትም። ሦስት ሐሰተኛ ምስክሮች አሉ። የመጀመሪያው የማዳመጫው ኤሌክትሪክ ራሱ ወደ ኤሌክትሮዱ ሽቦ መዝለሉ ነው፤ ቱቦው ተዘግቶም ምልክቱ ካልጠፋ እሱ ነው። ሽቦዎቹን ያራርቁ፣ የክሊኩን ፖላሪቲ (መጀመሪያ የሚገፋ ወይም የሚስብ መሆኑን) እያፈራረቁ ይስጡ፣ መስኮቱን ከመጀመሪያዎቹ ሚሊሰከንዶች ያርቁ። ሁለተኛው ከጆሮ ጀርባ ያለው ጡንቻ ነው፤ በከፍተኛ ድምፅ፣ ልጁ ነቅቶ አንገቱን ሲያጠብቅ ከ10 ሚሊሰከንድ በኋላ ትልቅ ሞገድ ያወጣል፤ ቁመቱ ከማይክሮቮልት ሲያልፍ ፕሮግራሙ ይጠራጠር። ሦስተኛው ሌላኛው ጆሮ ነው፤ በጣም ከፍ ያለ ድምፅ በአጥንት ተሻግሮ በደኅናው ጆሮ ይሰማል። በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ትልቅ ልዩነት ከታየ ሌላውን ጆሮ በማስኪንግ (በሚሸፍን ጫጫታ) ሸፍኖ መድገም ግድ ነው።

ወደ ነርቭ ኔትወርኩ ስመለስ፣ «አለ ወይስ የለም» ለሚለው አይጠቀሙበት። ያለዎት መለያ የአንድ ሰው ዓይን ነው፤ ኔትወርኩ የሚማረው ያንን ሰው ነው እንጂ ምላሹን አይደለም። የስሕተት መጠኑንም በቅድሚያ ማስቀመጥ ቀላል አይደለም። ፍርዱ በስታቲስቲክሱ «አለ» ከተባለ በኋላ 1ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን ሞገድ ለማመልከት ግን በጣም ይረዳል። ካሠለጠኑት ማሠልጠኛና መፈተኛውን በሰው ይለዩ፤ የአንድ ሕፃን ቀኝ ጆሮ በማሠልጠኛው፣ ግራው በመፈተኛው ከገባ ውጤቱ ያማረ ይመስላል፣ አዲስ ሕፃን ሲመጣ ግን ይወድቃል።

አንድ የማይታለፍ ነገር፦ ፖላሪቲ ማፈራረቅ የኤሌክትሪክ ዝላይን ሲያጠፋ የውስጥ ጆሮ ፀጉር ሕዋሳት የሚያወጡትን ማይክሮፎኒክም ያጠፋል። ሕዋሳቱ ደኅና ሆነው ነርቩ ሳይናበብ የሚቀርበት ኦዲቶሪ ኒውሮፓቲ የሚታወቀው በእሱ ነው። ስለዚህ በከፍተኛ ድምፅም «ምላሽ የለም» ከወጣ ፕሮግራሙ ራሱ ሁለቱን ፖላሪቲዎች ለየብቻ፣ ቀጥሎም ቱቦውን አዘግቶ አንድ ጊዜ እንዲቀዳ ያድርጉት። ከክሊኩ ጋር አብሮ የሚገለበጥና ቱቦው ሲዘጋ የሚጠፋ ምልክት ካለ፣ ወረቀቱ ላይ «ምላሽ የለም» ብቻ ሳይሆን «ማይክሮፎኒክ አለ፣ ለባለሙያ ይቅረብ» ተብሎ ይጻፍ።

በወረቀቱም ላይ ከፍርዱ ጎን የቀረው ኖይዝ በናኖቮልት፣ የተወሰደው ቀረጻ፣ የተጣለው በመቶኛ፣ የኢምፒዳንሱና የፊልተሩ ቁጥር ይታተሙ። በ35 ዴሲቤል ክሊክ «አለፈ» ያለ ውጤት ቀላል የመስማት ችግርን ወይም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ያለን ጉዳት የለም እንደማያሰኝ ደግሞ ከቁጥሮቹ በታች ሳይሆን ከፍርዱ ጋር በአንድ መስመር ይቀመጥ።